ገሳና የሾርባ ጣሳ

ጓሳ ላይ ዝናብ ሲመጣ ቀልድ የለም፤ ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነዋ! የመንዝ እረኛ ድሮ የሚከለለው ከጓሳ ሣር በተሠራ ገሳ ነበር። እኔ ያገኘሁት ልጅ ግን ማዳበሪያ አጥፎ ደፍቷል። ጀርባው ላይ የፋብሪካው ስም በትልልቁ ተጽፏል። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው አንዲ ዋርሆል ትዝ አለኝ።

አሜሪካዊው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ሎስ አንጀለስ ውስጥ 32 የካምቤል ሾርባ ጣሳ ሥዕሎች ደርድሮ አሳየ። ፖፕ አርት የሚሉት ይኸው ነው፤ በየሱቁ የምናየውን ዕቃ መልሶ ፊታችን ያቆመዋል። የዋርሆል ጣሳ ግን አያልቅም፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተካል።

ገሳ እንዲህ አልነበረም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች ቀሮ በሚባል ሥርዓት ጓሳን አንዳንዴ እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። ሣር የሚታጨደው ሲከፈት ብቻ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀሮን ሻረው። ደግነቱ ጓሳን ዛሬም ማኅበረሰቡ ይጠብቀዋል።

ማዳበሪያውን ግን ማን ይዝጋው? አዲስ አበባ ላይ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦና ክፍልፋይ ሰብስቦ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራበታል። ጓሳ ላይ ኤልያስ የለም። ገሳ ሲያረጅ አፈር ይሆናል፤ ማዳበሪያው ሲቀደድ እዚያው ሣሩ መሐል ይቀራል። ልጁን አልወቅሰውም፤ ዝናብ ነው። አያቶቹ ግን ከመውሰድ ይልቅ መቼ መተው እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። እኛስ?