የቆሎ ተማሪና የሚያኖረው መንደር

በደቡብ ጎንደር ደጋ ያሉት የአብነት ጉባኤዎች በሊቃውንት ዘንድ ስማቸው የታወቀ ነው። ቤተ ልሔም በድጓ፥ ዙር አምባ በዝማሬና በመዋሥዕት፥ ደብረ ታቦር በተክሌ አቋቋም ይመሰገናሉ። መምህራኑ ሲመሰገኑ ግን እነርሱንና ደቀ መዛሙርታቸውን የቀለበው ባላገር ይረሳል።

ተማሪው ከወላጆቹ አገር ርቆ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ ይመጣል። መኖሪያውም ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራት ጎጆ ናት። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በየደጁ ሲቆም የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ የባለጠጋ ትርፍ ሳይሆን ከድኻ ማዕድ የተከፈለ ቍራሽ ነው። ውሻ ያስቸግረዋል፥ ብርድ ይመታዋል፤ ነገር ግን ደጁን ስለሚመላለስበት በየትኛው ቤት ሕመምተኛ እንዳለ፥ በየትኛውም ኀዘን እንደ ገባ ያውቃል። የምትሰጠውም እናት የራስዋ ልጅ በሌላ አገር እንዲሁ በሰው ደጅ መቆሙን ታስባለች።

ባላገሩም በፈንታው የሚያገኘው አለ። ልጁ ፊደልና ዳዊት ይማርለታል፤ ሰው ሲሞትበት ተማሪዎች ዳዊት ይደግሙለታል፤ ደብዳቤ ሲመጣለት ያነቡለታል።

ይህ አንድነት በመከራ ጊዜ ይፈተናል። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ በነበረው ክፉ ቀን ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ እርሻ ቆመ፥ ረኃብም ጸና። የራሱ ጎተራ የሌለው ተማሪ ባላገሩ ሲጠግብ ይጠግባል፥ ሲራብም አብሮ ይራባል፤ ዕጣቸው አንድ ነውና።

ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ ተማሪዎች ከየቤቱ እህልና ጌሾ ለምነው ዳቦ ይጋግራሉ፥ ጠላም ይጠምቃሉ፤ ዓመቱን ሁሉ ያበላቸውንም ሕዝብ ጠርተው ያስተናግዳሉ። በዚያች ቀን ለማኙ ጋባዥ፥ ሰጪውም እንግዳ ይሆናል። በቅኔ አነጋገር ሰሙ ልመና፥ ወርቁ ግን ጉርብትና ነው።

ዛሬ በአንዳንድ ጉባኤ ማኅበራት ገንዘብ አዋጥተው ለተማሪው ማደሪያና ቀለብ ይሰጣሉ። ከረኃብና ከበሽታ የሚያድነው ነውና ይህ ሥራ የተመሰገነ ነው። ዳሩ ግን ከሩቅ የተላከ ገንዘብ የታመመ ተማሪን አይጠይቅም፤ ደጁን የማይረግጥ ተማሪም የመንደሩን ኀዘን አያውቅም። ስለዚህ ረጂው ምእመን እስከ ጎጆው ይድረስ፤ ቀለቡ የተሟላለትም ተማሪ የጎረቤቱን ደጅ አይርሳ።