የፍልውሃ ሙቀት በደጋና በቆላ

ፈልሐ ከሚለው የግዕዝ ግስ ስሙን የወረሰው ፍልውሃ በስሙ አንድ ቢሆንም፣ የሚታጠቡበት ሥርዐት ግን እንደየአገሩ አየር ይለያያል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከእንጦጦ ብርድ ወርደው፣ በፍልውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ንጉሥ ምኒልክን በለመኑ ጊዜ፣ አዲስ አበባ የተባለችው ከተማ ተቈረቈረች። 3,000 ሜትር ገደማ በሚደርስ ከፍታ ላይ በነፋስ ሲንገላታ ለከረመ ሰውነት፣ ውሃው ቆዳን እስኪያቀላ ቢተኩስ ጸጋ እንጂ መከራ አይሆንበትም።

እኒሁ ምኒልክ፣ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ፣ በ1887 ዓ.ም. ንጉሥ ጦናን ሊወጉ የዘመቱበት የወላይታ ምድር ግን ሁለት ጠባይ አለው። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ሥር በወይና ደጋ አየር ተቀምጣ ሳለ፣ ከእርሷ ወደ ብላቴ ወንዝና ወደ ዐባያ ሐይቅ የሚወርድ መንገደኛ ካባውን አውልቆ በትከሻው እስኪጥል ድረስ ሙቀቱ ይበረታበታል። በዚህ በስምጥ ሸለቆው ክፍል፣ በዱጉና ፋንጎ አገር ጭምር፣ በመሬት ስንጥቅ የሰረገ የዝናም ውሃ ከጋለ ዐለት ጋር ተገናኝቶ እየፈላ ይወጣል።

ቁርጥማት የያዘውና ቆዳው የታመመ ሰው ወደ ፍልውሃ የሚወርደው፣ ጠበልተኛ ሱባኤ እንደሚይዝ፣ ቀን ቈጥሮ ነው። ቴርሞሜትር ሳይታወቅ የሙቀቱ መለኪያ የእግር ጣትና ከምንጩ ዓይን መራቅ ነበር፤ ከዓይኑ አጠገብ የሚፈላው ውሃ እየፈሰሰ ሲሄድ ይበርዳልና፣ ታጣቢው የሚስማማውን ሙቀት የሚመርጠው የሚቀመጥበትን ስፍራ በመምረጥ ነው። ይህን ጥበብ ከብዙ ዘመናዊ መሣሪያ አብልጬ አከብረዋለሁ፤ መሣሪያው የውሃውን ሙቀት ይናገር ይሆናል እንጂ የታጣቢውን ድካም አያውቅም።

በበጋ ቀትር የቆላው አየር ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ለእንጦጦ ሰው ጸጋ የነበረው የውሃው ትኩሳት በዚህ ስፍራ ድካምን ያመጣል። ሰውነት ሙቀቱን የሚያራግፈው በላብ ትነት ሲሆን፣ በውሃ የተዘፈቀ ገላ ላቡ ሊተንለት አይችልም፤ ውሃው ከሰውነት ሙቀት፣ ማለት ከ37 ዲግሪ፣ ከበለጠ ደግሞ ገላው ሙቀት መስጠቱ ቀርቶ ተቀባይ ይሆናል፤ ራስ ያዞራል፣ ልብም በኀይል ይመታል። ስለዚህ ሐኪሞች ከ40 ዲግሪ እንዳይታለፍ ይመክራሉ፤ በሞቃት አየር ግን 35 ወይም 36 ዲግሪ ለገላ ይበቃል፤ ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመምተኛማ ሐኪም ሳያማክሩ ባይገቡ ይሻላል። ወንጌላዊው ዮሐንስ በራእዩ የሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን ለብ በማለቷ እንደተገሠጸች ጽፏል፤ ለቆላ ታጣቢ ግን የሚሻለው ይኸው ለብ ያለው ነው።

ከዚህም የተነሣ የቆላ ፍልውሃ ሰዓቱ ማለዳና ሠርክ ነው። ማለዳ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው አየር ላይ ነጭ ሆኖ ሲታይ ሽማግሌው እስከ ምንጩ ዓይን ሊጠጋ ይደፍራል፤ ሠርክም ፀሐይ ወደ ዳሞታ ጀርባ ስታዘቀዝቅ፣ ቀኑን በዛፍ ጥላ የዋለው ሁሉ ነጠላውን ሰብስቦ፣ ከዓይኑ ራቅ ብሎ፣ በመጀመሪያ እግሩን ይነክራል።