ወለድና መጽሐፍ ቅዱስ፦ የረጅም ክርክር ቅኝት

የሙሴ ሕግ ወለድን ሲከለክል በዓይኑ የያዘው ነጋዴን ሳይሆን የተራበ ወገንን ነበር። እስራኤላዊ ከችግረኛ ወንድሙ ወለድ እንዳይቀበል ታዘዘ፤ ከባዕድ መቀበል ግን ተፈቀደለት። ዕዳም በየሰባት ዓመቱ እንዲሰረዝ ተደነገገ። ሁሉም አከበረው ማለት አይደለም። ነህምያ ኢየሩሳሌም ሲደርስ ሕዝቡ ለእህልና ለንጉሥ ግብር ሲል እርሻውንና ቤቱን አሲዞ፣ ልጆቹን ለባርነት ሰጥቶ ጠበቀው። መኳንንቱን በጉባኤ ፊት ገሥጾ መሬቱንም ወለዱንም አስመለሰ።

ይበልጥ የሚገርመኝ የአይሁድ መምህሩ የሂሌል ብልሃት ነው። ሰባተኛው ዓመት ሲቃረብ ባለገንዘቦች ማበደር አቆሙ፤ ለድሃው የወጣው ሕግ ድሃውን ጎዳው። ሂሌልም አበዳሪው የዕዳውን መብት ለፍርድ ቤት የሚያስተላልፍበትን ፕሮዝቡል የተባለ ሰነድ አመጣ፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ዕዳ አይሰረዝምና። ይህን ማጭበርበር ነው የሚል ካለ፣ ለዘር የሚሆን ብድር ያጣውን ገበሬ ያስብ።

በክርስትናም የኒቅያ ጉባኤ በ325 (እ.ኤ.አ.) ወለድ የሚበላ ካህን እንዲሻር ወሰነ። በ1179 ሦስተኛው የላተራን ጉባኤ በገሃድ አራጣ የሚያበድረውን ሁሉ ከቁርባንና ከክርስቲያን ቀብር ከለከለ። ሰው መበደሩን ግን አልተወም። ፍራንቸስካውያን መነኮሳት ባነሣሡት ስብከት በ1462 ፔሩጃ ላይ መያዣ እየተቀበለ በጥቂት ክፍያ ለድሃ የሚያበድር ተቋም ተከፈተ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ካልቪን በ1545 ከባለሀብት ነጋዴ የሚወሰድን መጠነኛ ወለድ ከድሃ ከሚወሰደው ለየ፤ በዚያው ዓመት እንግሊዝ እስከ 10 በመቶ ፈቀደች። በእኔ ግምት ካልቪን አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ ተበዳሪው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ከሙሴ ጀምሮ የነበረ ነው።

በእኛም አገር ፍትሐ ነገሥት አራጣን ያወግዛል። ያም ሆኖ የአቢሲኒያ ባንክ በምኒልክ ዘመን፣ በ1906 (እ.ኤ.አ.)፣ ሥራ ሲጀምር ወለድ የባንክ የዕለት ሥራ ሆነ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድን በ12 በመቶ ገደበ፤ አራጣ አበዳሪም ዛሬ በወንጀል ይጠየቃል።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አብያተ ክርስቲያናት ስሙን ከዘሌዋውያን ወስደው ኢዮቤልዩ 2000 የተባለውን የዕዳ ስረዛ ዘመቻ ከሌሎች ጋር አካሄዱ። ግፊቱ ለድሆች አገሮች የተዘጋጀው የዕዳ ማቃለያ በ1999 እንዲሰፋ ረዳ፤ ኢትዮጵያም በ2004 የመርሐ ግብሩን መስፈርት አሟልታ ከዕዳዋ ብዙው ተቃለለላት።