ጉበት ራሱ የሚሠራው መርዝ

እኛ መርሳ ላይ ማሽላ ሳይበጠርና ሳይለቀም ወፍጮ ቤት አይሄድም። ልጅ ሳለሁ ሥራው ጠጠር ለመልቀም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከእህል ጋር የሚታጨድ አረም ምን እንደሚያደርግ የገባኝ የፃዕዳ እምባን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው።

ፃዕዳ እምባ ሰሜን ምዕራብ ትግራይ ያለች የገበሬ መንደር ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ሰዎች ሆዳቸውን እያመማቸው፣ በፈሳሽ እየተነፉ መሞት ጀመሩ። ሕፃናትም ነበሩበት። በሽታው ለዓመታት ስም እንኳ አልነበረውም፤ በጥናቶቹ ላይ የተጻፈው «ያልታወቀ የጉበት በሽታ» ተብሎ ነው። የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩትና የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ቆይተው፣ ጥርጣሬው አጀራተም ኮኒዞይድስ በሚባል አረም ላይ አረፈ። አረሙ ፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ አለው፤ መርዙም በእህሉ ውስጥ ተገኘ።

እኔን ያስደነገጠኝ አሠራሩ ነው። መርዙ ሲዋጥ ገና ያን ያህል ኃይል የለውም። ጉበት ግን እንደ ልማዱ ላጽዳው ብሎ ይነሳል። የሴሎቹ ኢንዛይሞች ሲነኩት ነው የሚከፋው፦ እዚያው የሴሉ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል። የጉበት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይደፈናሉ፣ ደሙ መውጫ ያጣል፣ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። አንዴ በልቶ የሚወድቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ምግቡ ቶሎ ይጠረጠር ነበር። ይሄ ግን ከዕለት እንጀራ ጋር፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚገባ ነው።

አረሙን ከማሳው መንቀል፣ እህሉን ደህና አድርጎ ማበጠር፦ መከላከያው ይኸው ነው። ያን ለማወቅ ግን ዓመታት ፈጀ፤ እስከዚያው እናቶች ያንኑ እህል እያስፈጩ ልጆቻቸውን ያበሉ ነበር።