ከታንኳ መለየት (ጣና ሐይቅ)

ቀዛፊ በማዕበል ወይም በነፋስ ውኃ ውስጥ ወድቆ ታንኳው የሚርቅበት አደጋ ነው። ከጎንደር በስተሰሜን ላለችው ወለቃ ቅርቡ ሰፊ ውኃ በጎርጎራ በኩል የሚደረስበት ጣና ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም የማያልፍ ሐይቅ። የጥልቀቱ ማነስ አያዘናጋ፤ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲመታው ሞገዱ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል።

የደንገል ታንኳ የሚንሳፈፈው በራሱ በደንገሉ ነው። ውኃ ቢያጥበውም ወዲያው አይሰምጥም፤ ስለዚህ የወደቀ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እሱን ይያዝ። ጣጣው ቀላልነቱ ነው። ባዶ ታንኳ በነፋስ ሲነዳ ጎበዝ ዋናተኛን ይቀድማል፤ ቶሎ ካልተደረሰበት ማሳደዱ ጉልበት መጨረስ ብቻ ነው።

ታንኳው ካመለጠ መቅዘፊያውን አለመልቀቅ፣ ጋቢን አውልቆ መጣል (ውኃ የጠጣ ጋቢ ክንድ ያስራል)፣ ትንፋሽን ማረጋጋት፣ ጀርባን ለሞገዱ ሰጥቶ መንሳፈፍ ይገባል። ላይፍ ጃኬት የለበሰ ሰው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ሙቀቱን ይቆጥባል። በሰሜን አውሮፓ ባሕሮች ብርዱ በደቂቃዎች ክንድን ያደነዝዛል፤ በጣና ይበልጥ የሚያሰጋው ድካም ነው።

ወደ ዳር የሚዋኝ ሰው ደንገል የበዛበትን ጥግ ቢሸሽ ይሻለዋል፤ ጉማሬ እዚያ አይጠፋም።