የመንገደኛው ድርሻ፦ በገዳሪፍና በመተማ ድንበር ስለ መተሳሰር

ስለ ሰው ልጆች መተሳሰር የሚጻፈው መንፈሳዊ ጽሑፍ በአብዛኛው አገር የለውም። ሁላችንም አንድ ነን ይላል፤ ማን ከማን ጋር በምን እንደተያያዘ ግን አይነግረንም። ከኢትዮጵያዋ መተማ እስከ ሱዳኗ ገዳሪፍ በተዘረጋው ጥቁር አፈር ላይ ጥያቄው እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። እዚያ ሰውን ከሰው የሚያያይዘው አስቀድሞ ውኃ ነው።

የአትባራ ወንዝ ጓንግ ተብሎ ከጣና በስተ ሰሜን ካለው የጎንደር ከፍታ ይነሣል። ቁልቁል ሲወርድ አንገረብንና ሱዳኖች ሰቲት የሚሉትን ተከዜን ይቀበላል፤ በበጋ ደግሞ ኩሬ ኩሬ እየሆነ ይቆራረጣል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በሰኔ 1853 ዓ.ም. በደረቁ የአትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ጠብታ ባልጣለበት ምድር ጎርፉ በሌሊት ሲደርስ አይቷል። ዝናቡ የዘነበው በሩቅ፣ በእኛ ተራሮች ላይ ነበር።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በመስተብቁዕ ጸሎቷ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬና ስለ መንገደኞች ትለምናለች። እነዚህ ልመናዎች ጎን ለጎን መቆማቸው ለዚህ ድንበር ሰው ሁሉ የተደረሱ ያስመስላቸዋል። የጭልጋ ካህን ስለ ዝናም ሲለምን፣ ቢያስበውም ባያስበውም፣ በሱዳኗ ሾዋክ ከአትባራ ለሚቀዳው ሙስሊምም እየለመነ ነው። ማዶ ደግሞ ዝናብ ሲጠፋ ሙስሊሞች ለኢስቲስቃ ሶላት ሜዳ ይወጣሉ፤ ኢማሙም ካባውን ይገለብጣል። በእስልምና ሕግ መንገደኛ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ የቀረ ሰው በባለጸጋው ገንዘብ ላይ ድርሻ አለው ማለት ነው። የእኛ ገበሬ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ በሩን የሚከፍተውም እንግዳውን የላከው አካል ስላለ ነው፤ መልስ መስጠት ያለበት ለላኪው ነው።

ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ አልቀረም። ከገዳሪፍ ከተማ ርቆ ያለው የኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከሰሜን ኢትዮጵያ የሸሹትን ተቀብሏል። ወደ እስራኤል ለመሻገር የመጡ ቤተ እስራኤላውያንም በመካከላቸው ነበሩ፤ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ብዙዎቹ ተወሰዱ። አራት ሺህ ያህሉ ግን በመንገድና በመጠለያ አልቀዋል፤ ኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ያው መጠለያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ እንደገና ተከፈተ። በዚያ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገሩት ከ60 ሺህ በላይ ነበሩ። የሰቲት ዳሯ ሐምዳይት ነዋሪዎች፣ ራሳቸው ድሆች ሲሆኑ፣ የእርዳታ ድርጅቶች ሳይደራጁ ያላቸውን አካፈሉ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብቻ ማቆም ለሰባኪ ይመቸዋል። በዚያው በ2013 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ፣ በዚያው የገዳሪፍ ክልል፣ የሱዳን ጦር ወደ አል ፈሽቃ ገብቶ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ለዓመታት ሲያርሱት የነበረውን መሬት ያዘ። የክርክሩ ሥር የ1894 ዓ.ም. የምኒልክና የእንግሊዝ የድንበር ስምምነት ነው። እንጀራ የሚካፈል ክልል ለእርሻ ጦር መማዘዙ ለእኔ እንቆቅልሽ አይደለም። እንግዳ ነገ ይሄዳል፤ ያረሰ ሰው ግን ይቀራል። ስለ መተሳሰር የሚያስተምር ሁሉ ፈሽቃን ማለፍ የለበትም፤ ከባዱ ፈተና እዚያ ነውና።

መሬቱ ራሱ ከሁለቱም ወገን ተጎድቷል። እንግሊዞች በ1930ዎቹ ዓ.ም. በገዳሪፍ በጀመሩት የትራክተር እርሻ፣ ለማሽላና ለሰሊጥ ሲባል ብዙ የግራር ደን፣ ሙጫ የሚሰጠው ሐሻብ ጭምር፣ ተመንጥሯል። በእኛም በኩል በመተማና በቋራ የእጣን ዛፍ ለሰሊጥ ማሳ ቦታውን ለቅቋል። በቤተ መቅደስ የምናጥነው ዛፍ በገበያ ዋጋ መሸነፉን ስንቶቻችን በቅዳሴ ላይ እናስበዋለን? ሰሊጡን የሚያጭደው ደግሞ ከደጋ የሚወርደው፣ ሳሉግ የሚባለው ወቅታዊ ሠራተኛ ነው፤ በአገሩ በደቦ ያርስ የነበረ፣ ድንበር አልፎም ነፊር የሚባለውን ተመሳሳይ የሥራ መረዳዳት የሚያገኝ ሰው። በሱዳኑ ዲንደርና በኢትዮጵያው አልጣሽ ፓርኮች መካከል የሚመላለሱት የዱር አራዊት እንኳ በክረምትና በበጋ ቦታ ሲለዋወጡ ፓስፖርት አያሳዩም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ መንገዱ ተገለበጠ። ሱዳናውያን በገላባት አልፈው መተማ ገቡ፤ ኩመርና አውላላ የተባሉ መጠለያዎች ተዘጋጁላቸው። ከዚያ የአማራ ክልል ግጭት ተከተለ። መጠለያዎቹን ታጣቂዎች ደጋግመው ዘረፏቸው፤ በሚያዝያ 2016 መጨረሻ ከአንድ ሺህ በላይ ስደተኞች አውላላን ለቅቀው በእግር ወጡ፣ ከመንገድ ዳርም ሰፈሩ። ዘራፊው የትኛው ቡድን እንደሆነ መከራከር ይቻላል። ኡም ራኩባ በሁለት ዘመን የኢትዮጵያን ልጆች አስጠግቷል፤ ከሱዳን የመጣው መንገደኛ ግን ደጃችን ሲደርስ ድርሻውን አላገኘም፤ ብድሩ አሁንም በእኛ ላይ ነው።