የተማሪዎች የአእምሮ ጤናና የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ በሐረር ከፍተኛ ትምህርት

በሐረርና በአካባቢዋ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች የአእምሮ ጤናና የአካል ጉዳተኞች አካታችነት ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በእርሻ ኮሌጅነት የተመሠረተው ይህ ተቋም ዋና ግቢው ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ግን ሐረር ውስጥ ነው፤ ሕይወት ፋና ሆስፒታልም ማስተማሪያው ነው። የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍሉ በዚሁ ኮሌጅ ሥር ስለሆነ ባለሙያው የሚሠለጥነው ከተማ፣ አብዛኛው ተማሪ የሚያድረው ደግሞ ዋናው ግቢ ነው።

አካባቢው ለእንዲህ ያለ እንክብካቤ እንግዳ አይደለም። የካፑቺን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1901 ሐረር ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ከፍተዋል። የጀርመኑ የሥጋ ደዌ ርዳታ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1958 ከሐረር ወጣ ብሎ ቢሲዲሞ ላይ ሥራ ጀምሯል። የዘመኑ ርዳታ ሕሙማኑን ከቀዬው ነጥሎ ማኖር ነበር። ተማሪን በጉዳቱ ዓይነት ለይቶ ወደየቢሮው የመምራት ልማድ ከዚያ አስተሳሰብ ብዙም የራቀ አይመስልም።

መልክዓ ምድሩ ራሱ አንድ እንቅፋት ነው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ባጃጅ እንኳ የማይገባባቸው ጠባብ የድንጋይ መተላለፊያዎች አሉት። በደቡብ ከሐኪም ጋራ ሥር የተዘረጋው ሰፈርም ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ተማሪ ግቢ ውስጥ መወጣጫ ቢሠራለት እንኳ ከግቢው ሲወጣ የሰው ትከሻ ያስፈልገዋል።

ሕጉ ቀደም ብሎ የተጻፈ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 በአንቀጽ 40 ተቋማት የሕንፃ ንድፋቸውን፣ የግቢ አቀማመጣቸውንና ኮምፒውተሮቻቸውን ለአካል ጉዳተኞች እንዲያመቻቹ፣ የመማሪያ ክፍል እንዲቀይሩ፣ ተጨማሪ የፈተና ሰዓትና የማጠናከሪያ ትምህርት እንዲሰጡ ደንግጓል። በዚያው ዓመት የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተተክቷል። የአንቀጽ 40 ድክመት ግዴታውን ከተቋሙ አቅም ጋር ማያያዙ ነበር፤ በጀት የለም ያለ ተቋም ለመጠየቅ ያስቸግር ነበር።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ፈተና ሲቃረብ ነው። ተማሪው ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፎ ሃንድአውት ይገዛል፤ ለዓይነ ስውሩ ግን ያ ወረቀት እስኪነበብለት ድረስ ባዶ ነው። በቴሌግራም የሚላከው ፒዲኤፍም ብዙ ጊዜ በስልክ የተነሣ የገጽ ፎቶ ስለሆነ ድምፅ አንባቢው ሶፍትዌር ጽሑፍ አያገኝበትም። መውጫው የሚያነብ ጓደኛ መፈለግ ነው። ፈተና ላይ የሚመደብ አንባቢ ትምህርቱን የማያውቅ ሲሆን ደግሞ ቀመሩንና ሠንጠረዡን እንዴት አድርጎ ጮክ ብሎ እንደሚያነብ ይቸግረዋል፤ ሰዓቱም በዚያው ይሄዳል። ዓይነ ስውራን በብዛት የሚገቡት ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ በመሆኑ በሐረሩ የጤና ኮሌጅ እምብዛም አይታዩም። እዚያ የሚያጋጥመው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ላይ ላዩን የማይታይ ነው።

የአእምሮ ጤናው ጫና በአብዛኛው ከምደባ ይጀምራል። የትምህርት ሚኒስቴር ተማሪን ከሀገሪቱ ዳር እስከ ዳር ስለሚመድብ ከጎጃም ወይም ከወላይታ የመጣ ፍሬሽ ኦሮምኛ፣ ሐረሪኛና ሶማሊኛ በሚሰማበት ከተማ ራሱን ያገኛል። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር የትግራይ ስልክ በመቋረጡ የዚያ አካባቢ ልጆች ወላጆቻቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ክፍል ገብተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

ሐረር ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። በምሥራቅ ትልቁ የጫት ገበያ አወዳይ በከተማዋና በዋናው ግቢ መካከል ነው። ተማሪ ለማጥናት ይቅማል፣ በምርቃናው ሌሊቱን ይገፋል፣ ከዚያ እንቅልፍ ለማምጣት በመጠጥ ጨብሲ ይላል። ካቲኖን የተባለው የጫቱ አነቃቂ ንጥረ ነገር ኃይሉ ሲያልቅ ድብታና እንቅልፍ ማጣት ስለሚተካ ከጭንቀት ምልክት ጋር ይምታታል። ሐኪሙ የቱ ከየቱ እንደመጣ ለመለየት ስለ በርጫው ሳይጠይቅ ማለፍ አይችልም።

ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ነው። ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍ፣ ማልቀስና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በአዎ ወይም በአይደለም ይመለሱበታል። በዚሁ መንገድ በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጽሑፍ 21.6 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች የአእምሮ ጭንቀት እንዳለባቸው አሳይቷል። መጠይቁ የሚለየው ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገውን ሰው እንጂ በሽታውን አይደለም፤ ይህ በጋዜጣ ዘገባዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ባለሙያም ለረጅም ጊዜ ብርቅ ነበር፦ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት በሀገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1995 ዓ.ም. ነው።

ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 1 የረጅም ጊዜ የአእምሮ ጉዳትንም በአካል ጉዳት ትርጉም ያካትታል። የአዋጅ ቁጥር 650/2001 አንቀጽ 40 ግን የሚናገረው ስለ አካል ጉዳት ብቻ ነበር፤ የአእምሮ ሕመም የተማሪ ክሊኒክ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። በዚህ ምክንያት ማየት የተሳነው ተማሪ ተጨማሪ ሰዓት ለመጠየቅ የሚያሳየው አንቀጽ ሲኖረው፣ በመድኃኒት የምትኖረውና ጠዋት ጠዋት ድብታ የሚጫናት ተማሪ ከሁለት ሰዓቱ ፈተና የሚያድናት ዊዝድሮው መሙላት ብቻ ይሆናል፤ እሱም ዓመት ያስቆጥራታል።